የፈንታነሽ እግር

ከገሳይ ከተማ ወደ ጉና ተራራ በኩል ሲወጡ ከመንገዱ ዝቅ ብላ በምትገኝ መንደር ፈንታነሽን የማያውቅ የለም። ረዥም ናት፤ ድምፅዋም እንደ ቁመቷ ጎላ ያለ ነው። በዚያ አገር ሴት ጓል ትከሰክሳለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች እንጂ እርፍ አትይዝም። ባሏ ይሻው ወገቡን ታሞ በተኛበት ዓመት ግን በሬዎቹን ጠምዳ የገብስ ማሳዋን ያረሰችው ራሷ ፈንታነሽ ናት። ያን ጊዜ መንገደኛው ቆሞ ሲያያት፣ «ምን ይገትራችኋል? ካላገዛችሁኝ መንገዳችሁን ሂዱ» ብላ ነበር ያሰናበተችው። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገርላት ነው የኖረችው።

እግሯ የታመመው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። የባሕር ዛፍ ግንድ ስትፈልጥ ፍንጣሪው ተወርውሮ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ ጫራት። ደሙን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ ፍልጧን ጨረሰች። ጭረቱ ግን አልሽር አለ። ልጆቿን ከወለደች ወዲህ የዚያ እግሯ ደም ሥሮች እንደ ገመድ ተገትረው ነበር፤ ቆማ ስትውል እግሯ ያብጣል፣ ይከብዳታል። ቁስሉ ከእብጠቱ ጋር ተባብሮ ሰፋ። ቡና ነሰነሰችበት፣ ቅቤ ቀባችው፣ ቴትራ የሚሉትን እንክብል ሰብራ ዱቄቱን አለበሰችው። ጸበል ገብታም ተጠመቀች፤ ልቧ ቀለላት፣ ቁስሉ ግን አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። ጤና ጣቢያ በሄደች ቁጥር ጠርገው በፋሻ ይጠቀልሉላታል፤ ፋሻው ሳይውል ሳያድር ይርሳል። ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ። በሰባተኛው ዓመት ቁስሉ የእጅ መዳፍ ያህል ሆነ።

ከሕመሙ ይልቅ ያስመረራት ጠረኑ ነበር። ሚኒባስ ስትሳፈር መስኮት ይከፈታል። ቤተ ክርስቲያን ስትቆም አጠገቧ ያለው ሰው ቀስ እያለ ይርቃታል። ይሻውም አንድ ቀን መኝታውን ወደ ማድ ቤቱ አዛወረ። «እንቅልፍሽን እንዳልረብሽሽ ብዬ ነው» አላት። ሃያ ስምንት ዓመት አብራው ስትተኛ እንቅልፏን ረብሿት አያውቅም።

ልጆቿ ባሕር ዳር ወስደው አሳከሟት። ሐኪሙ ቁስሉን ረዘም ላለ ጊዜ አየውና፣ «አጥንቱ ተነክቶ ከሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ከጉልበት በታች ብንቆርጠው ነፍስዎ ይተርፋል» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲነግራት ዓይኑን አላሸሸም።

«ተነክቶ ከሆነ ነው ወይስ ተነክቷል?» አለችው።

«እርግጠኛ ለመሆን ምርመራ ይቀራል። ግን እየቆየ ሲሄድ…»

«እንግዲያው እርግጠኛ ስትሆን ጥራኝ። እግሬን በ‹ከሆነ› አልሰጥም» ብላ ተነሣች። ምርመራውን እንኳ ሳትጠብቅ ወጣች። ልጆቿ እየለመኗት እስከ መናኸሪያው ተከተሏት፤ ወይ ፍንክች።

ፈንታነሽ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ናት። ወር በገባ በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ማኅበርተኛው በተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባል፤ ደጋሹ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሲጠናቀቅ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተሳልሞ ይረከባል። በሚያዝያ ማኅበር ላይ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ጽዋው ሊነሣ ሲል፣ የማኅበሩ ሙሴ ሙላቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሙሴ የሚሉት የማኅበሩን መሪ ነው። ሙላቴ ሸምገል ያለ፣ ጠብ የማይወድ ሰው ነበር።

«ፈንታነሽ፣ የግንቦት ተራ ያንቺ ነበር» አለ። «ግን ሕመምተኛ ነሽ። ድካሙ እንዳይበዛብሽ ጽዋውን ጽጌ ትረከበው ብለን ተመካክረናል።»

«ማን ከማን ጋር ነው የተመካከረው?»

«ማኅበሩ ነዋ።»

«እኔ ማኅበርተኛ አይደለሁም?»

ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። ጽጌ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«አያ ሙላቴ፣ በኪዳነ ምሕረት ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የታለፍኩት ስለ ታመምኩ ነው ወይስ ስለምሸት?»

ሙላቴ ጢሙን ነካካ። «አንዳንዱ ሰው እህሉ አልወርድ ይለኛል ብሎ… እንዲያው ላንቺም እንዳይከፋሽ…»

«እንዲያ ይበሉኛ» አለች ፈንታነሽ። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «እሸታለሁ። ከሁላችሁም ቀድሞ የሚሸተው ለእኔ ነው፤ እናንተ ወር ጠብቃችሁ ታሸታላችሁ፣ እኔ ከእሱ ጋር ነው የምኖረው። ቢሆንም ተራው የኔ ነው።»

ተነሥታ እያነከሰች ወደ ጽዋው ሄደች። ማንም አልከለከላትም፤ ማንም መንገድ አልለቀቀላትም። የማኅበሩ ቄስ፣ ቄስ በላይነህ፣ መስቀላቸውን አወጡና፣ «ተራዋ ነው» አሉ። «እግዚአብሔር ያስፈጽምሽ።» ተሳለመች፤ ጽዋውን አንሥታ ወጣች። እንደ ወጉ የሚያጅባት ሰው ግን አልተከተላትም። ብቻዋን ይዛው ስትሄድ መንደሩ ሁሉ አየ፤ እሷም እንዲያይ ብላ በዋናው መንገድ ነበር የሄደችው።

በግንቦት ኪዳነ ምሕረት ድግሱን አሰናድታ፣ እግሯን በጨው ውኃ ደጋግማ አጥባ በንጹሕ ጨርቅ አስራ ጠበቀች። የመጣው ሰው ግማሽ አይሞላም። ሙላቴ መጥቶ በሩ ሥር ተቀመጠ። «እዚያ ንፋስ ይመታዎታል፣ ወደ ውስጥ ይግቡ» አለችው። ገባ። በላም። የተረፈውን ዳቦና ወጥ ለቤተ ክርስቲያኑ ተማሪዎች አስጭና ላከች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ለማን እንደሚሰጥ እናውቃለን፣ አይባክንም» አለች። ያልመጡትም ጎረቤቶች ሰምተዋት ይሆናል።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ጽጌ ቀርታ ዕቃ ታጥብላት ጀመር። ተራው ሊሰጣት የነበረችው ጽጌ ናት።

«እህቴ ፈንታነሽ፣ ጽዋውን አልጠየቅኳቸውም። እነሱ ናቸው…»

«አውቃለሁ።»

ጽጌ ያጠበችውን ሳህን ደፋች። «አጎቴ በስኳር ምክንያት እግሩ ቆስሎ እንደ ነበር ታውቂያለሽ። ደብረ ታቦር የቁስል ክሊኒክ ተከፍቷል። ምሕረትአብ የሚባል ነርስ አለ። ቁስሉን በድምፅ ነው የሚያጥበው።»

«በምን?»

«በድምፅ። እኔም አልገባኝም። አጎቴ ግን ዛሬ ከብት ይነዳል።»

በሳምንቱ ፈንታነሽ ይሻውን አስከትላ ደብረ ታቦር ወረደች። ምሕረትአብ የሐሙሲት ገበሬ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር። እግሯን በርጩማ ላይ አድርጎ ጨርቁን ሲፈታ ፊቱን ፊቱን ታየው ነበር። አፍንጫውን ቢያሸሽ ተነሥታ ለመሄድ ቆርጣለች። አላሸሸም። መጀመሪያ ቁስሉን ሳይነካ የእግሯን ጀርባ በጣቱ ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነገር ቀባና እንደ ትንሽ ሬዲዮ ያለ መሣሪያ አስጠጋ። ክፍሉ ውስጥ ሽው፣ ሽው፣ ሽው የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ደምዎ ነው። እስከ ጣትዎ ድረስ ይወርዳል። ይህ እግር አልሞተም።»

ፈንታነሽ ወደ ይሻው ዞራ፣ «ና ወዲህ» አለችው። «እንደገና አሰማው።»

ምሕረትአብ እንደገና አሰማ። ይሻው ጎንበስ ብሎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ የሚስቱን ደም ሲሮጥ ሰማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ታዲያ ደሙ ካለ ምን ነክቶት ነው የማይድን?» አለች።

«መውረዱን ይወርዳል። ወደ ላይ መመለሱ ነው የሰነፈው። ደም ሥሮቹ ላልተዋል፤ ደሙ እታች ይተኛል፣ እግሩ ያብጣል፣ ቁስሉ ይታፈናል። በዚያ ላይ ጀርሙ እንደ አተላ ልባስ ሠርቶ ተኝቶበታል። ባሕር ዳር ያዩዎት ሐኪም በከንቱ አልፈሩም፤ አጥንቱ ተነክቶ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ራጅ ይነሡ። ሐኪማችን አይተውት አጥንቱ ደኅና ከሆነ እንጀምራለን።»

ባሕር ዳር ሳትጠብቀው የወጣችውን ምርመራ ይህን ጊዜ ጠበቀች። አጥንቱ ደኅና ሆኖ ተገኘ።

የቁስል ማጠቢያው ማሽን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሣጥን ነው፤ ከእሱ የወጣው ገመድ ጫፍ ላይ ምሕረትአብ እንደ ብዕር የሚይዘው ብረት አለ። የሚያደነዝዝ ቅባት ቀብቷት ጥቂት ከቆየ በኋላ የፊት ጭንብል አጠለቀ። ፈንታነሽ እግሯን ከበርጩማው አወረደች።

«ከሸተትኩህ በአፍህ ንገረኝ፤ በጨርቅ አትንገረኝ።»

«ስለ ጠረኑ አይደለም» አለ ሳይቆጣ። «ውኃው እንደ ጉም ይበናል፤ ከቁስሉ የተነሣው ወደ አፋችን እንዳይገባ ነው። ይኸው፣ አንቱም ያድርጉ። እርሳቸውም ያድርጉ።» ሁለት ጭንብል ሰጣቸው። እግሯን መልሳ ሰቀለች።

ብረቱ ቁስሉን ሲጠጋ ቀዝቃዛ የጨው ውኃ ወረደ፤ ከማሽኑም ሲር የሚል ቀጭን ጩኸት ወጣ። ምሕረትአብ እየሠራ አስረዳት። የሚያጥበው የምትሰማው ጩኸት አይደለም፤ ጆሮ የማይደርስበት ሌላ ድምፅ ነው። ብረቱን በጣም በፍጥነት ያንቀጠቅጠዋል፤ ንቅጥቃጤው በውኃው አልፎ የሞተውን ሥጋና ልባሱን ያራግፋል፤ ሕያውን ሥጋ ግን እንደ ምላጭ አይቆርጥም።

«የማይሰማ ድምፅ ደግሞ ምን ድምፅ ይባላል?» አለች ጥርሷን ነክሳ። ቅባቱ ቢያደነዝዝም ጠርዝ ጠርዙ ላይ ያቃጥላል።

«ካመመዎት አቆማለሁ።»

«ማን አቁም አለህ?»

ቢጫው ልባስ እየለቀቀ ከውኃው ጋር ሳህኑ ውስጥ ወረደ። ከሥሩ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ፈንታነሽ አንገቷን አስግጋ አየችው። «ይህ ቀዩ ነው ክፉው?»

«እሱ ነው ደጉ። እሱን ነው የምንፈልገው።»

ሲጨርስ ከጣቷ ሥር ጀምሮ እስከ ጉልበቷ ድረስ በሚለጠጥ ፋሻ ጠበቅ አድርጎ ጠቀለላት። ማሽኑ ቁስሉን ያጸዳል፣ ደሙን ወደ ላይ የሚመልሰው ግን ይህ ፋሻና እግርን ከፍ አድርጎ መቀመጥ ነው አላት። የፋሻውን ነገር ሰማች። የመቀመጡን ግን አልሰማችም፤ ወይም እንዳልሰማች ሆነች።

በየሳምንቱ ተመላለሰች። ጠረኑ ከቁስሉ ቀድሞ ለቀቃት። አንድ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ደብረ ታቦር እስክትደርስ ማንም መስኮት አለመክፈቱን ያስተዋለችው ከወረደች በኋላ ነው። መንገድ ዳር ቆማ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። በዚያው ሰሞን ይሻው መኝታውን ተሸክሞ ከማድ ቤት ተመለሰ።

«ማን ጠራህ?» አለችው።

«ማንም።»

«እንግዲያው መልሰው። ስሸት ሄደህ ሽታዬ ሲጠፋ አትመጣም።»

ይሻው ወደ ማድ ቤት መኝታውን ተሸክሞ ተመለሰ።

ነሐሴ ላይ አረሙ ገብሱን ዋጠው። ፋሻው በጭቃ ሲርስ እየከበዳት፣ ሲጠብቃትም እየቆረጠማት፣ ፈንታነሽ ፈትታ ጣለችውና ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ አረመች። ሁለት ሳምንት ክሊኒክ ቀረች። በጳጉሜን ስትሄድ ምሕረትአብ ጨርቁን ፈትቶ ሲያየው ቁስሉ እንደገና ሰፍቶ፣ ጠርዙ ነጥቶ፣ እግሯ አብጦ አገኘው።

«ፋሻውን ማን ፈታው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«አረም ነበረብኛ።»

ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ይስሙኝ። ማሽኑ የራሱን ሠርቷል። እኔም የኔን እየሠራሁ ነው። አንቱ ግን እኔንም ቁስሉንም አንድ ላይ ነው የሚታገሉን። እግርዎን ከፍ አድርገው የማይቀመጡ ከሆነ ከእንግዲህ አይምጡ፤ ላጭበረብርዎ አልፈልግም።»

አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ የተናገራት ሰው አልነበረም። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በሩ ድረስ ሄደች፤ እዚያ ቆመች። ሐኪም እግርሽ ይቆረጥ ሲላት እምቢ ያለች፣ ማኅበር ተራሽ ይለፍ ሲላት እምቢ ያለች ሴት፣ አሁን እምቢ የምትለው ለማን እንደ ሆነ ግራ ገባት። እምቢ ብትል የሚጎዳው እግሯ ነው። እንደ ተናደደች ተመልሳ ተቀመጠችና እግሯን በርጩማው ላይ ወርወር አደረገች።

«እስከ መቼ ነው የምሰቅለው?»

«እስኪዘጋ።»

«መከሩስ?»

«መከሩን ሌላ ሰው ያጭድልዎታል። ይህን እግር ግን ማንም አይሰቅልልዎትም።»

በዚያ አገር በመከር ጊዜ የተቀመጠች ሴት ወይ አራስ ናት ወይ ሰነፍ ናት። ፈንታነሽ ሁለቱንም አይደለችም። ቤት ውስጥ ተሸሽጋ ብትቀመጥ ማንም አያያትም ነበር፤ እሷ ግን ኅዳር ሲገባ በርጩማዋን አስይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ጥግ፣ የማሳዋ ድንበር ላይ ተቀመጠች። ገለባ የሞላ ጆንያ ድንጋይ ላይ አስደርጋ እግሯን ሰቀለችበት። ፋሻው ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ሆና አጫጆቹን ታዛለች፤ ነዶው ሲዛባ ትቆጣለች፣ ከብት ሲገባ ትጮኻለች። መንገደኛው ሰላም ለማለት ሲቆም እግሯን አትሸፍንም።

ሙላቴ ከበቅሎው ሳይወርድ ቆሞ አያት። «ፈንታነሽ፣ በመከር ተቀምጠሽ?»

«ተቀምጫለሁ አያ ሙላቴ። ሥራ ላይ ነኝ። እርስዎ በቅሎ ላይ ተቀምጠው የሚሄዱበት እንዳለዎት፣ እኔም ተቀምጬ የምሄድበት አለኝ።»

ሙላቴ ትንሽ ፈገግ አለና በቅሎውን ነካ።

የቤቱ ሥራ በይሻው ላይ ወደቀ። ማንም አላዘዘውም። ውኃውን በጀሪካን ከምንጭ ይቀዳል፤ ቂጣውን ይጋግራል፣ ያሳርረዋል፣ ያረረውን እሱ በልቶ ደኅናውን ለእሷ ያመጣል። ወንዶቹ ምንጩ አጠገብ አግኝተውት፣ «ይሻው፣ ሚስት ሆንክ አሉ» ሲሉት፣ «ገና ልምምድ ላይ ነኝ» አላቸው። ክሊኒክ አብሮ ሄዶም የፋሻውን አጠቃለል ከምሕረትአብ ተማረ። ጠዋት ጠዋት ተንበርክኮ ከጣቷ ሥር ይጀምራል፤ እየላላበት ይፈታዋል፣ እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን እንዲሁ እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል፣ «ይቅር በይኝ» አለ።

«አልሰማሁም።»

«ይቅር በይኝ ፈንታነሽ። መኝታዬን ይዤ መሄድ አልነበረብኝም።»

«ተረከዙ ላይ ላላ» አለችው። «አጥብቀው።» እሱ አጠበቀው። በዚያን ቀን መኝታውን ሲመልስ ዝም አለችው።

ምሕረትአብ በየሳምንቱ ማሽኑን አስነሥቶ ያጥባል፤ ልባሱ እየቀነሰ፣ ቀዩ እየሞላ፣ ከጠርዙ ደግሞ ስስ ቆዳ ወደ መሃል እየገባ ሄደ። ጥር ላይ ቁስሉ የጥፍር ያህል ቀረ። የካቲት ላይ ፋሻው ሲፈታ የሚታጠብ ነገር አልነበረም። ምሕረትአብ ማሽኑን እንደ ጠፋ ተወው።

«ይንኩት» አላት።

እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ የሚያብለጨልጭ ቆዳ ነበር። በጣቷ ጫፍ ነካችው፤ ደረቅ ነው። ይሻው ከጎኗ ቆሞ አማተበ። ፈንታነሽ አላለቀሰችም፤ «ሰባት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?» አለችው ቆዳውን።

የሚያጠብቅ ካልሲ ሰጣት፤ ዕድሜ ልኳን ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ እንድታጠልቀው፣ ሲደክማት እግሯን እንድትሰቅል፣ ትንሽ ጭረት ብታይ በዚያው ዕለት እንድትመጣ አጥብቆ ነገራት። በመንደሩ ወሬው ብዙ ሆነ። አንዱ በተአምር ነው ይላል፣ ሌላው በመብራት ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ መጀመሪያውኑ ያን ያህል ቁስል አልነበረም ይላል። ይህን የመጨረሻውን የሰማች ዕለት ፈንታነሽ ገሳይ ገበያ መሃል ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ ጠባሳውን አሳየች። «ነበረ» አለች። «ሸትቼም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የማርያም ልጅ ረድቶኝ፣ ማሽኑ አጥቦኝ፣ እኔም ተቀምጬ ነው የዳንኩት። ከዚህ ውስጥ አንዱን የሚቀንስ ሰው ቢኖር እኔ ዘንድ ይምጣ።»

በተከታዩ ክረምት በሐምሌ፣ አጥር ስታልፍ እሾህ ያንኑ ቦታ ነካት። ስሱ ቆዳ የባቄላ ያህል ተላጠ። ልጆቿ ሲሰሙ ደነገጡ። እሷ ግን ካልሲዋን አውልቃ በንጹሕ ጨርቅ አሰረችውና በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረደች።

ምሕረትአብ ጨርቁን ሲፈታ ፊቱ ጠቆረ። ያን ያህል የደከመበት ቆዳ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«አዝናለሁ እማማ ፈንታነሽ» አላት። «ይህ እንዳይመጣ ነበር የፈራሁት።»

ፈንታነሽ በርጩማውን በሌላው እግሯ ወደ ራሷ ሳበችና የታመመውን ሰቀለችበት።

«አንተን ደግሞ ምን ነካህ ልጄ?» አለችው። «የቆሰልኩት እኔ፣ የከፋህ አንተ። ያን ትልቁን ያባረርን ሰዎች ይህችን ፍሬ እንፈራለን? ጭንብሉን ወዲህ በል፣ ማሽንህንም አስነሣ።»